ከኪስ የማይለይ ብዕር

ቅዳሜ ማለዳ ሰብስቤ ገና ከአልጋው ሳይወርድ የሰማውን ነገር ባይሰማው ይሻለው ነበር። ሚስቱ አበዛሽና ጎረቤታቸው በድሪያ የቆርቆሮውን አጥር መሃል አድርገው ያወራሉ። ሁለቱ ሴቶች ምስጢር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ በዚያ ሰፈር እንኳን ወሬ የሰው ማንኮራፋትም ከቤት ቤት ይሰማል።

«ወንድሜ ዛሬ ለምሳ ይመጣል እኮ በድሪያ! ጋሼ ገሠሠ! ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ደጄን ረግጦ የማያውቀው!»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ! እንኳን ደስ ያለሽ! ምን ተገኘና ልቡ ራራ?»

«ብዕሩን ከላከ ወዲህ ነዋ። ይዞት ለመጣው ሾፌር ምን ብሎት መሰለሽ? ‹ባሏ ኪሱ ላይ ሰክቶት ካየሁ እርቄን ተቀበለ ማለት ነው። ካላየሁ ግን ናቀኝ ማለት ነው፣ ውሃም ሳልጠጣ ተመልሼ እወጣለሁ።› የሱን ነገር ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ያለውን ሳያደርግ አይቀርም።»

ሰብስቤ አንሶላውን እስከ አገጩ ሳበ። ሚስማር ላይ ወደተሰቀለው ሸሚዙ አየ። የደረት ኪሱ ጥፍት ብሎ እንደ ጾመኛ ሆድ ተለጥፏል። ባዶ እንደሆነ ያውቃል፤ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል። እንዲያው የሰው ልጅ ሞኝ ነው፣ ባዶነቱን የሚያውቀውን ኪስ ደጋግሞ ይፈትሻል፤ ተነስቶም በጣቱ ፈተሸው።

ብዕሩ ዝም ብሎ ብዕር እንዳይመስላችሁ። ገሠሠ የመርከብ ሰው ነው፣ ከአሰብ ተነስቶ ጃፓን ድረስ የሚዘልቅ። ያኔ «አንዲት እህቴን ለመጋዘን ጸሐፊ አልድርም» ብሎ ከሠርጉ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ። አበዛሽ ስንት ፋሲካ ሙሉ የበሩን ኮቴ ስታዳምጥ ውላለች፤ ለባሏ አንድም ቀን «ባንተ ምክንያት» ብላው አታውቅም፣ እሱ ግን ባላለችው ቁጥር ይሰማዋል። ባለፈው ፋሲካ አንድ ሾፌር በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ ሣጥን አምጥቶ በሩን አንኳኳ። ሲከፈት ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወገቡ ላይ የወርቅ ቀለበት ያሰረ ብዕር ተኝቶበታል። ክዳን የሚባል ነገር የለውም። ቂጡን ጫን ሲሉት ከአፉ የወርቅ ጫፍ ብቅ ይላል፤ ደግመው ሲጫኑት እንደ ኤሊ አንገት ሹልክ ብሎ ይገባል። ሰብስቤ የመጀመሪያውን ምሽት ሲያስወጣና ሲያስገባው አምሽቶ አበዛሽ «ኧረ ተወው፣ ትንፋሽ አሳጠርከው!» ብላ ነጥቃዋለች። አንድ አመል ግን አለው። ኪስ ላይ የሚቆነጥጠው ማያዣ የተሠራው በጫፉ በኩል ነው፤ ስለዚህ ኪስ ላይ ሲሰካ ጫፉ ወደ ላይ፣ ቂጡ ወደ ታች ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሁሉ ሰብስቤን መንገድ ላይ እያስቆመ «አቶ ሰብስቤ፣ እስክሪብቶህን ዘቅዝቀህ ሰክተኸዋል እኮ!» ይለዋል። ሰብስቤ ደግሞ ይህችን አስተያየት ይወዳታል። ቆም ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አሠራሩ ነው» ይላል። ከዚያ አውጥቶ ያሳያል። ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ሩብ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ ከፋሲካ ወዲህ አርባ ደቂቃ ይፈጅበት ጀምሯል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ብዕር እንዴት ሊጠፋው ቻለ? አልጠፋውም። ተዋሱት። እኛ አገር መጥረቢያ የተዋሰ ይመልሳል፣ መሰላል የተዋሰም ቢዘገይ ይመልሳል፤ እስክሪብቶ የተዋሰ ሰው ግን ሲጨርስ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ራሱ ኪስ ይሄዳል። ሌባ ሆኖ አይደለም፣ እጅ እንዲህ ስለለመደ ነው። ባለቤቱም «መልስልኝ» አይልም። ለአንዲት እስክሪብቶ! ሰው ምን ይለኛል! ትናንት ከሥራ መውጫ ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ መርዳሳ በር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ መዳፉን ዘረጋና «እስክሪብቶ» አለ። ሰብስቤ የቢሮውን እስክሪብቶ ሊሰጥ ሲንደፋደፍ ጓድ መርዳሳ የማን ኪስ እንደሆነ እንኳ ልብ ሳይል ብዕሩን ራሱ መዘዘው። ቂጡን ተጫነ፣ ፈረመ። ከዚያም «ምነው ተዘቅዝቆ» ብሎ ሊያስተካክለው ጫፉን ወደ ታች ገልብጦ የራሱ የካኪ ኮት ኪስ ውስጥ ጣለውና «በል ደህና ዋል» ብሎ ሄደ። ሰብስቤ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጓድ መርዳሳ!» ሊል ነበር፤ «ጓ» ብሎ ተወው።

አበዛሽ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይዛ ገባች። ፊቷ በርቷል። እንዲህ ሆና ካያት ቆይቷል፤ አንጀቱን በላችው።

«ይሄን ልበስ። ብዕሩንስ? የት አደረግከው?»

«ቢሮ... መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ሙቀቱ ቀለሙን እንዳያደርቀው ብዬ።»

«በል ሳትረሳ ይዘኸው ና። በኔ ሞት፣ ሰብስቤ!»

«በሞትሽ ምን ያስምልሻል» አለና ወጣ። ቁርሱንም አልበላ።

ቅዳሜ ሥራ እስከ ምሳ ነው። ሰብስቤ ከዘበኛው ቀድሞ ደረሰ ማለት ይቻላል። ጓድ መርዳሳ ሲመጣ የዘወትሩን የካኪ ኮት አልለበሰም፤ በዚያ በግንቦት ሙቀት ወፍራም ሹራብ አጥልቆ ያልበዋል። ሰብስቤ ነገሩን ቀጥ አድርጎ ከመጠየቅ ይልቅ እንዴት እንደሚያዞረው ሲያስብ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ሊል ያሰበውን ሁሉ በቃሉ አጥንቶታል። «እንደምን አደሩ ጓድ። ትናንት ያ ፊርማ... ተሳካ?» አለ።

«የምን ፊርማ?»

«ያ... በር ላይ የፈረሙት። ቀለሙ ደህና ወጣ?»

ጓድ መርዳሳ ወንበሩን ጎተተና ተቀመጠ። «ቀለም አትበለኝ! የቀለም ስም አትጥራብኝ ሰብስቤ! ትናንት የማን እርጉም እስክሪብቶ እንደሆነ እንጃ፣ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ኮቴን ይኸን የሚያህል ሰማያዊ አድርጎብኝ አረፈው» አለና በሁለት እጁ እንጎቻ የሚያህል ክብ ሠራ። «ሚስቴ ‹ለበዓሉ ስብሰባ ምን ልትለብስ ነው› ብላ ስትጮህ አደረች። የወሩን ሳሙና ጨርሳበት አልለቀቀም። ባለቤቱን ባውቀው ኮቱን በእጁ አሳጥበው ነበር!»

ሰብስቤ በነገሩ ሁለት ነገር ገባው። አንደኛ፣ ሰው የብዕሩን ጫፍ ለማውጣት መጫን ያውቃል፤ ለማስገባት ግን ደግሞ መጫን እንዳለበት አያውቅም። ሁለተኛ፣ ብዕሩ የኔ ነው ማለት ኮቱም የኔ ነው ማለት ነው። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ በምትታደልበት ዘመን ደግሞ የሰው ኮት ማቆሸሽ ቀላል ወንጀል እንዳይመስላችሁ።

«እና እስክሪብቶው... አሁን የት ነው?»

«እንኳን ሄደልኝ! ማታ ወደ ቤት ስገባ ለልጄ የሹራብ ክር ልገዛ ደሊል ሱቅ ጎራ ብዬ፣ ‹እስክሪብቶ አለዎት?› ሲለኝ ሰጠሁት። እዚያው ቀረ። ምነው ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው ነው» አለ ሰብስቤ። «እንዲያው ለኮቱ አዝኜ።»

ቀሪውን ሰዓት የጆንያ ቁጥር ሲጽፍ ሁለቴ ሰረዘ። ሰባት ሰዓት ላይ ገሠሠ ቤቱ ይገባል። አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን «ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ» አለ፤ ውሸትም አልነበረም። ፈቃድ ተሰጠው።

ደሊል ከወሎ መጥቶ ከገበያው ጥግ ጨርቃ ጨርቅ የከፈተ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ አበባማ ቀሚስ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ ደንበኛ ሁለት ከሆነ አንደኛው ውጪ ይቆማል። ሰብስቤ ውጪ የሚቆመው ሆነ፤ ምክንያቱም ውስጡን የደሊል ሚስት ፋዲላ ሞልታዋለች። ባንኮኒው ላይ አንድ ሳህን ሎሚና ጨው አስቀምጣ፣ ነጭ ሸሚዝ ዘርግታ ትፈትጋለች። ሸሚዙ ደረት ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ እንደ ዓይን ሰብስቤን አተኩሮ ያየዋል። ደሊል በካናቴራ ብቻ ሆኖ ጥግ ላይ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሟል።

«ለኢድ ያሰፋሁለት ነው፣ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳይለብሰው!» አለች ፋዲላ ሰላምታም ሳትሰጥ። «እንዴት ሰው የሚያፈስ ነገር ለሰው ይሰጣል? አንተ ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ።»

«እውነትሽን ነው» አለ ሰብስቤ።

«የዚያን ብዕር ባለቤት አላህ ያሳየኝ! ይሄን ሸሚዝ ሳላስበላው አልቀርም!»

«ይበለው» አለ ሰብስቤ። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገረመው። ለፋሲካ የተላከለትን፣ ሌሊት ከትራሱ ስር የሚያሳድረውን ብዕሩን፣ በአደባባይ ካደው። እንዲያውም ባሰበት። «እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው ራሱ ልብ የለውም» አለ፣ ፋዲላ ደስ እንዲላት። ደስ አላትና አንድ ሎሚ ሰጠችው።

ደሊልን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ በሩ ጥግ ሳበው። «እና ወንድሜ፣ እቃው... ጣልከው?»

ደሊል ወደ ሚስቱ አጨንቁሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዴት ይጣላል? ወርቅ የመሰለ ነገር! ግን እሷ እቤት ካየችው ታቃጥለዋለች። ዛሬ ጠዋት ወደ አዋሽ አንድ ጥቅል ጨርቅ ልልክ ብዬ ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት ሞልቼበት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ለመንግሥት ይሁን አልኩ። መንግሥት ሸሚዙ ቢበላሽ ሚስት የለበትም።»

ለመንግሥት ይሁን! ሰብስቤ ሰዓቱን አየ፣ ስድስት ሊሆን ነው። ሮጦ አንድ ጋሪ አስቆመ። ፈረሱ ከሲታ ነው፣ ባለጋሪው ደግሞ ወሬኛ። «ወዴት ነው ጋሼ፣ ወደ ኬላ? ሰው ሊቀበሉ ነው?» ሲለው ሰብስቤ «ሰው ልሸኝ ነው» አለ፤ ለምን እንደዚያ እንዳለ አያውቅም። ነፋሱ የከተማውን አቧራ እያነሳ ተተኩሶ የመጣውን ሸሚዝ ያለብሰዋል። መንገዱን ሙሉ በሆዱ ከራሱ ጋር ተጣላ። ትናንት በር ላይ አንዲት ቃል፣ «ብዕሬን ጓድ» ብትል ኖሮ! ማን ይገድልህ ነበር? ዛሬ ጠዋት ብትል ኮቱን ታጥብ ነበር፣ ይታጠባል። ደሊል ሱቅ ብትል ሎሚ ትጨምቅ ነበር፣ ይጨመቃል። ይሉኝታህ ሚስትህን ወንድም ሊያሳጣት ነው፣ አንተ ሞላጫ! የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ፈረሱ ዱብ ዱብ ሲል እሱ አብሮ ዱብ ዱብ እያለ፣ ከእንግዲህ ለማንም ቢሆን «የኔ ነው» ብሎ ሊናገር ቆረጠ።

ኬላው ላይ ከአሰብ የሚመጡ የነዳጅ ቦቴዎች ተሰልፈዋል። ገመዱ አጠገብ ካለች የቆርቆሮ ጥላ ስር አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ፉፋ የሚባል ፈታሽ ተቀምጧል። የሱ የደንብ ልብስ ግን ንጹሕ ነው! ሰብስቤ ይህን ሲያይ ተስፋ ልቡ ውስጥ ዘለለ።

«አካም ጂርታ፣ ወንድም ፉፋ!»

«ፈያ፣ ፈያ። ይለፍ ነው የምትፈልገው?»

«ብዕር ነው የምፈልገው። ጥቁር፣ ወገቡ ላይ ወርቅ ያለው። ጠዋት አንድ ነጋዴ እዚህ የተወው። የኔ ነው!» አለ ሰብስቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብሎ። ወረፋ የያዙ ሾፌሮች ሁሉ ዞረው አዩት። «የኔ ነው! ኮት አበላሽቷል፣ ሸሚዝ አበላሽቷል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የኔ ነው!»

ፉፋ ሳቀ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ? እኔ ሰው አውቃለሁ፣ እዚህ የተቀመጠ እስክሪብቶ እንደማይከርም አውቅ ስለነበር፣ በሲባጎ አስሬ ከጠረጴዛው እግር ጋር ቋጥሬው ነበር» አለና ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው እግር ላይ የተንጠለጠለች አጭር የሲባጎ ቁራጭ አሳየው። «ይኸው። ቅድም አንድ መንገደኛ ከቦቴ ጋቢና ወርዶ ወረቀቱን ሞላ። ሾፌሩ ክላክስ ሲያደርግበት ተጣድፎ ኪሱ ከተተና ከነሲባጎው በጥሶት ሄደ። ሰውየው ሌባም አይመስል፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ኮት የለበሰ። ሳያውቀው ነው።»

«ቦቴው ወዴት ነበር?»

«ወዴት ይሆናል፣ ወደ ሸገር ነዋ።»

አለቀ። ብዕሩ ሞጆን አልፎ ሄዷል፤ ማታ አዲስ አበባ ገብቶ የሆነ የማያውቀውን ሰው ሸሚዝ እያበላሸ ያድራል። ሰብስቤ ሎሚውን ከኪሱ አወጣና ለፉፋ ሰጠው፣ ለምን እንደሆነ እሱም አላወቀም። ጋሪው ላይ ወጣ። ባለጋሪው «ሸኟቸው?» ቢለው «ሸኘሁ» አለ።

ባለሁለት ክፍሉ የቀበሌ ቤት ዛሬ ቤት መስሏል። ከበድሪያ የተዋሱት ባለመደገፊያ ወንበር መሃል ላይ ተቀምጧል። ሬዲዮኑ ላይ በኪሮሽ የተሠራው ልብስ ታጥቦ ተዘርግቷል፣ ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ እንኳ ቀጥ ተደርጎ ተሰቅሏል። ወንበሩ ላይ ገሠሠ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ፊት ለፊቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀርቧል፣ አልተነካም። ሰብስቤ ሲገባ ተነስቶ ሳመው፤ ጉንጫቸው ተነካካ እንጂ መሳምስ አይባልም። የገሠሠ ዓይን ቀጥታ ወደ ሰብስቤ የደረት ኪስ ሄደ፣ እዚያ ትንሽ ቆየ፣ ተመለሰ።

«እንደምን ነዎት፣ አቶ ሰብስቤ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ ገሠሠ። መንገድ እንዴት ነበር?»

«መንገድ ነው።»

ተቀመጡ። ዝንብ አንድ ጊዜ ብርጭቆውን ዞረችው። አበዛሽ ከጓዳ ሆና «መጣ እንዴ? ሰብስቤ! ብዕሩን አሳየው እንጂ! ሳታመጣው ቀረህ እንዳትለኝ!» አለች፣ በዚያ ከማለዳው ጀምሮ ባልጠፋ ደስታዋ። ገሠሠ ትንሽ ቆይቶ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ደርሶዎት ነበር? ዕቃው?»

«ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«መልካም» አለ ገሠሠ። ድምፁ ውስጥ አንድ የተሰበረ ነገር ነበረ፤ ሰብስቤ ሰማው፣ ሰምቶም አፈረ። ትዕቢተኛ ነው ሲለው የኖረው ሰው ለካ ተለማምጦ ነው የመጣው። ገሠሠ ለመነሳት ሻንጣውን ያዘ። ከመነሳቱ በፊት ግን ላቡ ስላሸነፈው የኮቱን ቁልፎች ፈታ ፈታ አደረገና ከውስጥ መሐረብ ሊያወጣ ኮቱን ገለጠ።

ከነጭ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ከሲባጎው ስር፣ ኪሱ ግርጌ ላይ፣ እንጎቻ የሚያህል ሰማያዊ ክብ።

ሰብስቤ ሊጮህ ምን ቀረው! ፈጣሪ ሆይ፣ ሸገር ገባ ያለው ብዕር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ የበድሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ራሱ ‹ደረሰህ ወይ› እያለ ይጠይቀዋል! ሰውየው አላወቀውም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ገዝቶ፣ ተጠቅልሎ ልኮት፣ ሲጻፍበት አይቶት አያውቅም። እንግዲህ ምን ይባላል? «ብዕሬ ኪስህ ውስጥ ነው» ይባላል? ለእንግዳ? ለታላቅ? በእርቅ ቀን ሌባ ተብሎ ማን ተቀምጦ ይበላል? ዝም ካለም ሰውየው ከነብዕሩ መውጣቱ ነው፤ አበዛሽም ነገ ተመልሳ ኮቴ ማዳመጥ ልትጀምር ነው። ሰብስቤ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ አየ። ከዚያ ትናንት ጓድ መርዳሳ እንዳደረገው፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሳ፣ መዳፉን ዘረጋ።

«ጋሼ ገሠሠ፣ እስክሪብቶ ይዘዋል?»

ገሠሠ ያልጠበቀው ነገር ሆነበት። እጁ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ኪሱ ሄዶ ብዕሩን አውጥቶ ሰጠ። ሰብስቤ ሲባጎውን በመዳፉ ሸሸገና ወደ ቀን መቁጠሪያው ተጠጋ።

«የአሰብ አድራሻዎን ይንገሩኝ። እህትዎ ደብዳቤ ልጻፍለት ስትል ወዴት እንደምትልክ አታውቅም። ስንት ጊዜ ጽፋ ቀደደችው።»

«ጽፋ ነበር?» አለ ገሠሠ። ሻንጣውን ለቀቀ። «ለኔ ጽፋልኝ ነበር?»

«በየፋሲካው።»

ገሠሠ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ነገረው፤ ሰብስቤ በዚያ በወርቅ ጫፍ፣ በወፍራም ሰማያዊ ቀለም፣ የግንቦት ወር ገጽ ላይ ጻፈው። ስሙንም ከላይ «ጋሼ ገሠሠ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቂጡን ተጫነ፤ ጫፉ ሹልክ ብሎ ገባ። ሲባጎውን በጣቱ ጠቅልሎ ወደ ኪሱ ሰደደና ብዕሩን በማያዣው የራሱ ደረት ኪስ ላይ ሰካው። ተመልሶ ተቀመጠ።

የገሠሠ ዓይን ብዕሩን እስከ ማረፊያው ሸኘው። እጁ ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ብድግ አለ። አፉም ተከፈተ። ሰው ቤት ለምሳ ተጠርቶ፣ ለአንዲት እስክሪብቶ! አፉን ዘጋ፣ እጁም ተመለሰ። ሰብስቤ ያችን ዝምታ ያውቃታል፤ ትናንት በር ላይ የሱ ነበረች።

አበዛሽ የዶሮውን ወጥ ይዛ ገባች፤ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ባሏ ኪስ ላይ ነው። «ይኸውልህ ጋሼ! አየኸው? ቀንም ሌትም ከኪሱ አይለይም እኮ! እኔን ብለምነው አያስነካኝም!»

ገሠሠ ብዕሩን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው። «ይሄ... እኔ የላክሁት ነው?»

«እርስዎ የላኩት ነው» አለ ሰብስቤ።

«ዘቅዝቀህ ነው የሰካኸው።» አንተ አለው፤ ሳያስበው ነው።

«አሠራሩ ነው።»

ገሠሠ ቀስ ብሎ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ደረት ተመለከተ። ሰማያዊውን ክብ አየ። ቀና ብሎ ሰብስቤን አየ፣ ደግሞ ክቡን አየ። ኬላው፣ ጠረጴዛው፣ ክላክሱ፣ የተበጠሰችው ሲባጎ፣ ሁሉም በተራ በፊቱ ላይ ሲያልፉ ሰብስቤ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ጆሮው ቀላ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች አበዛሽ፣ ትሪውን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል አይታው። «ጋሼ፣ ሸሚዝህ ምን ሆነ?»

ሰብስቤ እውነቱን ሊያወጣው ነበር። ከትናንቱ በር ጀምሮ ሁሉንም ሊዘረግፈው አፉን ሲከፍት፣ ገሠሠ ቀደመው።

«ይሄ? የቆየ ነው። መርከብ ላይ ቀለም ሲቀባ ነው የነካኝ» አለ። ብርጭቆውን አነሳና ውሃውን እስከ መጨረሻው ጭልጥ አደረገው። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ። ከዚያም እጁን ሳይታጠብ፣ ከእንቁላሉ ቆርሶ፣ አፍ የሚያስይዝ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና በሳህኑ ላይ ዘረጋ። «ብላ እንጂ አንተ! አፍህን ክፈት! አማቹን የሚያፍር ወንድ አይቼ አላውቅም!»

ሰብስቤ አፉን ከፈተ። እንባው የመጣው በበርበሬው ነው ቢባል የሚያምን ያምናል።

አበዛሽ ግን ገና ከወንድሟ ደረት ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ጠጋ ብላ ክቡን በሌባ ጣቷ ነካ አደረገችው። ጣቷን አነሳችና አየችው፤ ጫፉ እርጥብ፣ ሰማያዊ ነው። ጣቷን እንዳነሳች ወደ ባሏ ኪስ ዞረች፤ ከኪሱ አፍ ላይ አንዲት የሲባጎ ጫፍ ብቅ ብላለች።

«የቆየ ነው አልከኝ፣ ጋሼ?»

ሁለቱም ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው መብላታቸውን ቀጠሉ።